የድንገተኛ ክፍል ሐኪሞች ምክር ቤት ምን ሊያደርጉ ይሄዳሉ?

(በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታትና ወራት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በ2011 የአሜሪካው ዋሽንግተን ክፍለ ግዛት ከባድ የበጀት ጉድለት ገጠመው። ምክር ቤቱ ወጪ ይቀነስባቸው ካላቸው ቦታዎች አንዱ የሆስፒታሎች ድንገተኛ ክፍል ነበር። ሜዲኬይድ፣ ማለትም ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ሰዎች መንግሥት የሚሸፍነው የጤና መድን፣ «ድንገተኛ ላልሆነ ሕመም» በዓመት ከሦስት ጊዜ በላይ ወደ ድንገተኛ ክፍል ለሚሄድ ሰው እንዳይከፍል ተወሰነ። ሐሳቡ ላይ ላዩን ሲታይ ክፋት የለበትም። ለጉንፋን ድንገተኛ ክፍል የሚሄድ ሰው አለ፤ የግብር ከፋዩ ገንዘብም መባከን የለበትም። ጉዱ የወጣው ግን «ድንገተኛ ያልሆኑ» የተባሉት ሕመሞች ዝርዝር ይፋ ሲሆን ነው። ወደ 700 የሚጠጉ የሕመም ዓይነቶች ተደርድረውበታል። የደረት ሕመም፣ የሆድ ሕመም፣ የመተንፈስ ችግር፣ የፅንስ መጨንገፍ ሳይቀሩ እዚያ ውስጥ ነበሩ።

ዝርዝሩን መጀመሪያ ተቃውመው የተነሡት በክፍለ ግዛቱ ያሉ የድንገተኛ ሕክምና ሐኪሞች ናቸው። በማኅበራቸው በኩል ከክፍለ ግዛቱ የሐኪሞች ማኅበርና ከሆስፒታሎች ማኅበር ጋር አብረው ፍርድ ቤት ሄዱ፤ ከዚያም ምክር ቤት ገቡ። ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው ሕግ አውጪዎች ፊት ቆሞ ስለ በጀት ሲከራከር ማየት ለብዙዎቻችን እንግዳ ነገር ነው። ሐኪም ሥራው ማከም፣ ሕግ ማውጣት ደግሞ የፖለቲከኛ ነው ብለን እናስባለን። በአሜሪካ ግን ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ማን እንደሚታከም፣ ማን እንደሚከፍልና ሐኪሙ ምን ማድረግ እንደሚችል አብዛኛውን የሚወስነው ሕግ ነው፤ የሕጉንም ውጤት ከሁሉ ቀድሞ የሚያየው በሌሊት ተረኛ የሆነው ሐኪም ነው። በዚያ አገር ለሚኖሩ፣ በተለይ በሲያትል፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ላሉ ብዙ ሺህ ወገኖቻችን ጉዳዩ ከቤታቸው የራቀ አይደለም።

ዝርዝሩ ለምን አደገኛ እንደነበር ለመረዳት አንድ ሰው በዓይነ ሕሊናችሁ ሳሉ። ዕድሜው ሃምሳ አምስት ነው፤ ከሲያትል አየር ማረፊያ መንገደኛ እያመላለሰ ይተዳደራል። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ደረቱን ጭንቅ አድርጎ ያዘው፤ ላብ አጠመቀው፤ ግራ ክንዱም የከበደው መሰለው። ልብ ይሁን ጨጓራ በምን ያውቃል? ድንገተኛ ክፍል ሲደርስ በአሥር ደቂቃ ውስጥ የልብ ምት መመዝገቢያ መሣሪያ ደረቱ ላይ ይለጠፍለታል። ደም ይወሰድና የልብ ጡንቻ ሲጎዳ ወደ ደም የሚገባው ትሮፖኒን የተባለው ፕሮቲን ይለካል። አንዴ ብቻ አይበቃም፤ ጉዳቱ ቆይቶ ሊታይ ስለሚችል ከሰዓታት በኋላ ይደገማል። ሊነጋጋ ሲል ሐኪሙ መጥቶ፦ «ልብህ ደህና ነው፤ የጨጓራ አሲድ ወደ ላይ እየተመለሰ ነው» ይለዋል። ሰውየው እግዚአብሔር ይመስገን ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ከሳምንታት በኋላ የሕክምና መዝገቡ ከፋዩ ዘንድ ይደርሳል። እዚያ ያለው ባለሙያ የሚያየው የመጨረሻውን መስመር ነው፤ «የጨጓራ አሲድ»። ይህ ድንገተኛ አይደለም ብሎ አልከፍልም ይላል። ሰውየው የሄደው ግን በጨጓራ አሲድ አይደለም፤ በደረት ሕመም ነው። ጨጓራ መሆኑ የታወቀው የተማረ ሐኪም፣ መሣሪያና የደም ምርመራ ተባብረው ሰዓታት ከፈጁ በኋላ ነው። ሐኪሙ ሳይመረምር የማያውቀውን ነገር ሹፌሩ ከመኪናው ውስጥ ሆኖ እንዲያውቅ መጠበቅ ፍርደ ገምድልነት ነው።

ይህ በጥናትም የተረጋገጠ ነው። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳን ፍራንሲስኮ የምትሠራው የድንገተኛ ሐኪም ማሪያ ሬቨንና ባልደረቦቿ በ2013 ባሳተሙት ጥናት፣ በመጨረሻው ምርመራ ውጤት ሲመዘኑ በመደበኛ ክሊኒክ ሊታከሙ ይችሉ ነበር የተባሉት የድንገተኛ ክፍል ጉብኝቶች 6.3 በመቶ ብቻ ሆነው ተገኙ። እነዚህ ታካሚዎች ሲገቡ የተናገሩት ሕመም ግን ከጠቅላላው ጉብኝት 88.7 በመቶ ከሚሆኑት ታካሚዎች ሕመም ጋር አንድ ዓይነት ነበር። የደረት ሕመም ይዞት ከገባው ሰው ማን ጨጓራ እንደሆነ፣ ማን ደግሞ ሊሞት እንደሆነ በር ላይ መለየት አይቻልም ማለት ነው።

ለዚህ ችግር መፍትሔ ሆኖ የወጣው መመዘኛ «የአስተዋይ ተራ ሰው መለኪያ» ይባላል። የሕክምና ትምህርት የሌለው፣ መካከለኛ ዕውቀት ያለው አስተዋይ ሰው ሕመሙ ከበድ ብሎት ሕይወቴ ወይም አካሌ አደጋ ላይ ነው ብሎ ቢያምን፣ የመጨረሻው ውጤት ምንም ይሁን ምን መድኑ መክፈል አለበት የሚል ነው። ይህን መለኪያ በሕግ ለማስጻፍ የድንገተኛ ሐኪሞች ለዓመታት ደክመውበታል። መጀመሪያ የተቀበለችው ሜሪላንድ ናት፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያ። ከዚያ ሌሎች ክፍለ ግዛቶች ተከተሉ። በ1997 የፌዴራሉ መንግሥት በኩባንያዎች በኩል ለሚተዳደሩ የሜዲኬይድና የሜዲኬር (በዋናነት ለአረጋውያን የሚሰጠው የመንግሥት የጤና መድን) ተጠቃሚዎች ደነገገው፤ በ2010 የወጣው የጤና ማሻሻያ ሕግ ደግሞ ለአብዛኛው የግል መድን አዳረሰው። ዛሬ በዳላስም በአትላንታም ያለ ሰው የሚጠለልበት ሕግ የተጀመረው በሜሪላንድ ዋና ከተማ በአናፖሊስ አንድ የኮሚቴ ክፍል ውስጥ ነው።

መነሻው ክፍለ ግዛት መሆኑ እንዲያው በአጋጣሚ አይደለም። በአሜሪካ የሐኪም ፈቃድ የሚሰጠው ክፍለ ግዛት ነው። የመድን ኩባንያን የሚቆጣጠረው፣ ሜዲኬይድ እንዴት እንደሚሠራ ዝርዝሩን የሚያወጣው፣ ሐኪም ሲሳሳት በምን ያህል እንደሚከሰስ የሚወስነው፣ ነርስ የደበደበ ሰው በምን እንደሚቀጣ የሚደነግገው ሁሉ ክፍለ ግዛት ነው። በዋሽንግተን ዲሲ ያለው ኮንግረስ ተከፋፍሎ ዓመታት ሲፈጅ፣ በቴክሳስ ዋና ከተማ ኦስቲን ወይም በዋሽንግተን ክፍለ ግዛት ዋና ከተማ ኦሊምፒያ ያለው ምክር ቤት በአንድ የሥራ ዘመን ሕግ ያወጣል። አንድ ትልቅ ክፍተት ግን መታወቅ አለበት። ብዙ ትልልቅ ቀጣሪዎች የሠራተኞቻቸውን የሕክምና ወጪ ከራሳቸው ካዝና ይሸፍናሉ፤ እንዲህ ያለውን መድን በ1974 የወጣ የፌዴራል ሕግ ስለሚገዛው የክፍለ ግዛት የመድን ሕግ አይደርስበትም። ስለዚህ በአንድ ሕንፃ የሚኖሩ ሁለት ጎረቤታሞች፣ አንዱ በክፍለ ግዛቱ ሕግ ሲጠበቅ ሌላው ላይጠበቅ ይችላል።

ከሌሎች ሐኪሞች ሁሉ የድንገተኛ ሐኪሞች በዚህ ነገር የሚብሰለሰሉበት ምክንያትም አላቸው። የቆዳ ሐኪም መድን የሌለውን ታካሚ አልቀበልም ማለት ይችላል። የድንገተኛ ሐኪም አይችልም። በ1986 ፕሬዚዳንት ሬገን የፈረሙት ኤምታላ የተባለው ሕግ፣ ከሜዲኬር ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ሁሉ ወደ ድንገተኛ ክፍሉ የመጣን ማንኛውንም ሰው የመክፈል አቅሙን ሳይጠይቅ እንዲመረምር፣ ሕይወቱ አደጋ ላይ ከሆነም እንዲያረጋጋ ያስገድዳል። ሕጉ ግዴታውን ሲጥል ገንዘብ አልመደበለትም። በሌላ ቦታ የተዘጋ በር ሁሉ መጨረሻው እዚህ ነው። የአእምሮ ሕክምና አልጋ ሲጠፋ፣ ክሊኒክ ሲዘጋ፣ ሜዲኬይድ ሲቆረጥ፣ ውጤቱ በድንገተኛ ክፍል ኮሪደር ላይ በተሽከርካሪ አልጋ ተደርድሮ ይታያል።

ኤምታላ ራሱ የተወለደው ሐኪሞች ያዩትን መዝግበው በመናገራቸው ነው። በ1980ዎቹ የግል ሆስፒታሎች መድን የሌላቸውን ሕሙማን በአምቡላንስ እየጫኑ ወደ ሕዝብ ሆስፒታል ይልኩ ነበር። በቺካጎ የኩክ ካውንቲ ሆስፒታል ሐኪሞች እንዲህ ተልከው የመጡ 467 ታካሚዎችን መዝግበው በ1986 ጥናታቸውን አሳተሙ። 87 በመቶው የተላኩት መድን ስለሌላቸው ነበር፤ ከአራቱ አንዱ ያህል ሲደርሱ ሁኔታቸው ያልተረጋጋ ነበር፤ ለመዛወር በጽሑፍ ፈቃዳቸውን የሰጡት 6 በመቶ ብቻ ናቸው። በዳላስ ደግሞ የፓርክላንድ ሆስፒታል ኃላፊ የነበሩት ዶክተር ሮን አንደርሰን፣ ቀድሞ የዚያው ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል የሕክምና ኃላፊ የነበሩ ሰው፣ የቴክሳስ ምክር ቤት ይህን ድርጊት እንዲከለክል ሲጎተጉቱ ቆዩ። ቴክሳስ በ1985 ሕግ አወጣ፤ የፌዴራሉ የመጣው ከእርሱ በኋላ ነው።

ወደ ዋሽንግተን ክፍለ ግዛት እንመለስ፤ እዚያ የሆነው ነገር ስለ ሥራው ብዙ ያስተምራል።

በኖቬምበር 2011 የተርስተን ካውንቲ ዳኛ ክፍለ ግዛቱ ደንቡን ያወጣው የሕግን ሥርዓት ሳይከተል ነው ብለው አገዱት። ሐኪሞቹ አሸነፉ፤ ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። የጤና ባለሥልጣኑ ከቀድሞው የጠነከረ ዕቅድ ይዞ መጣ። ከኤፕሪል 1 ቀን 2012 ጀምሮ፣ በአዲሱ ዝርዝር ለተካተቱ ወደ 500 ለሚሆኑ ሕመሞች ሜዲኬይድ ለአንድም ጉብኝት አይከፍልም። ሦስት መባሉም ቀረ፤ ዜሮ ሆነ።

እዚህ ላይ ሐኪሞቹ ያደረጉትን ልብ በሉ። ተቃውሞ ብቻ ይዘው ቢቀርቡ ኖሮ ምክር ቤቱ ከበጀት ጉድለቱ ጋር ተፋጥጦ ይቀር ነበር። እነርሱ ግን ቁጠባውን በሌላ መንገድ እናመጣላችኋለን ብለው ሰባት አሠራሮችን የያዘ ዕቅድ አቀረቡ። አገረ ገዢዋ ክሪስቲን ግሬጎር የዜሮውን ዕቅድ ሊጀመር ሰዓታት ሲቀሩት አቆሙት፤ ምክር ቤቱም የሐኪሞቹንና የሆስፒታሎቹን አማራጭ በበጀት ሕጉ ውስጥ አስገባ። ግዴታ ግን ነበረበት። ከሜዲኬይድ የድንገተኛ ጉብኝቶች ቢያንስ 75 በመቶውን የሚያስተናግዱ ሆስፒታሎች እስከ ጁን አጋማሽ ድረስ ካልፈረሙ የዜሮው ዕቅድ ይመለሳል። ፈረሙ።

ከሰባቱ አሠራሮች ዋነኛው የመረጃ ልውውጥ ነው። አንድ ሰው በታኮማ ከተማ ድንገተኛ ክፍል ሲመዘገብ፣ ሐኪሙ ገና ሳያየው አንድ ወረቀት ከማተሚያው ይወጣል። ባለፈው ዓመት በየትኞቹ ሆስፒታሎች ስንት ጊዜ እንደታየ፣ የግል ሐኪሙ ማን እንደሆነ፣ ለእርሱ የተዘጋጀ የእንክብካቤ ዕቅድ ካለ ምን እንደሚል ይነግራል። ከዚያ በፊት ሐኪሙ ይህን የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። ትናንት ሲያትል የጭንቅላት ሲቲ ስካን የተነሣ ሰው ዛሬ ታኮማ እንደገና ይነሣ ነበር፤ ጨረሩም ወጪውም እጥፍ። ከዚህ ሌላ ታካሚዎችን ማስተማር፣ ደጋግመው የሚመጡትን ለይቶ በቀናት ውስጥ ከመደበኛ ሐኪም ጋር ማገናኘት፣ የህመም ማስታገሻ ኦፒዮይድ በገደብ ማዘዝ፣ የመድኃኒት ማዘዣ መዝገብን መመልከትና ውጤቱን ለሐኪሞች መልሶ ማሳወቅ በዕቅዱ ውስጥ ነበሩ።

በመጀመሪያው ዓመት የሜዲኬይድ ተጠቃሚዎች የድንገተኛ ክፍል ጉብኝት በ9.9 በመቶ ቀነሰ። በዓመት አምስት ጊዜና ከዚያ በላይ የሚመጡት በ10.7 በመቶ፣ ቀላል በሚባል ሕመም የሚደረገው ጉብኝት በ14.2 በመቶ፣ ቁጥጥር በሚደረግበት መድኃኒት ማዘዣ የሚያበቃው ጉብኝት በ24 በመቶ ወረደ። ክፍለ ግዛቱ ወደ 33.6 ሚሊዮን ዶላር ማዳኑን ሪፖርት አደረገ። ለቁጥሩ ሐቀኛ ለመሆን፣ በዚያው ወቅት ብዙ የሜዲኬይድ ተጠቃሚዎች ኩባንያዎች ወደሚያስተዳድሩት የመድን ዓይነት እየተዛወሩ ስለነበር ቁጠባውን በሙሉ ለሰባቱ አሠራሮች መስጠት አይቻልም። የማይካደው ነገር፣ የደረት ሕመም ይዞት የመጣን ድሃ ሂሳብ ሳይጭኑበት ወጪ መቀነስ መቻሉ ነው። ዕቅዱን ካዘጋጁት አንዱ፣ ሐኪምም የሕግ ባለሙያም የሆኑት ናታን ሽሊከር፣ በ2013 በተጓደለ ወንበር ተሹመው የክፍለ ግዛቱ ሴኔት አባል እስከ መሆን ደርሰዋል፤ በዚያው ዓመት ምርጫ ግን ተሸንፈው ወደ ሥራቸው ተመልሰዋል።

እንዲህ ያለው ሥራ በተግባር ምን ይመስላል? የኦሊምፒያን አሠራር እንይ። ምክር ቤቱ በመደበኛነት የሚሰበሰበው ዓመቱ ጎዶሎ ቁጥር ሲሆን 105 ቀን፣ ሙሉ ቁጥር ሲሆን 60 ቀን ብቻ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ በሺህ የሚቆጠር ረቂቅ ሕግ ይቀርባል፤ አብዛኛው ኮሚቴ ውስጥ ሞቶ ይቀራል። ረቂቁ ወደ ጤና ኮሚቴ ተመርቶ የሕዝብ ምስክርነት የሚሰማበት ቀን ሲቆረጥለት፣ መናገር የሚፈልግ ሰው ደጋፊ፣ ተቃዋሚ ወይም ሌላ ብሎ ይመዘገባል። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ ነው። በአዳራሹ ፊት ለፊት የተቀመጡት ሕግ አውጪዎች መምህራን፣ ገበሬዎች፣ ጠበቆችና ነጋዴዎች ናቸው፤ በዚያን ቀን ስለ ዓሣ ማስገር፣ ስለ ትምህርት ቤትና ስለ መንገድ ሲሰሙ ውለዋል።

በዚያ ሁለት ደቂቃ ውስጥ ሐኪሙ የሳይንስ ትምህርት ቢሰጥ የሚሰማው የለም። የሚሠራው አቀራረብ እንዲህ ያለ ነው፦ እኔ በእርስዎ የምርጫ ወረዳ ባለው ሆስፒታል የምሠራ ሐኪም ነኝ፤ ረቂቁ በዚህ ክፍል፣ በዚህ አንቀጽ እንዲህ ይላል፤ ባለፈው ሳምንት ያየሁት ታካሚ በዚህ ሕግ ቢዳኝ ይህ ይደርስበት ነበር፤ ይህን ቃል በዚህ ቃል ብትተኩት ችግሩ ይቃለላል። የታካሚውን ማንነት የሚጠቁም ነገር መናገር በሕግ የተከለከለ ስለሆነ ስም፣ ከተማና ቀን ይወጣሉ። በእኔ ግምት ከሁሉ የሚበልጠው የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ነው። ሕግ አውጪው ቅሬታ ቀኑን ሙሉ ይሰማል፤ ሊጠቀምበት የሚችል አንቀጽ ይዞለት የሚመጣ ሰው ግን ጥቂት ነው።

ሐኪም የሚናገረው ሁሉ ስለ ታካሚ ብቻ ነው ብሎ ማመን ደግሞ የዋህነት ይሆናል። ሐኪሞችም ጥቅም አላቸው፤ ማኅበራቸውም ለዚያ ጥቅም ይከራከራል። ሁለት ምሳሌዎች ይበቃሉ።

የመጀመሪያው የክስ ጉዳይ ነው። ቴክሳስ በ2003፣ ጆርጂያ በ2005 ባወጡት ሕግ፣ በድንገተኛ ሕክምና የተጎዳ ሰው ሐኪሙን ለመርታት ተራ ስህተትን ማሳየቱ አይበቃውም፤ በጆርጂያ ከባድ ቸልተኝነት፣ በቴክሳስ ከዚያም የባሰ ግድ የለሽነት ማስረዳት አለበት። ሐኪሞች ሲከራከሩ፣ ክስን ፈርተን አላስፈላጊ ምርመራ እናዛለን፤ ሕጉ ከወጣ ይህ ይቀንሳል ብለው ነበር። በ2014 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ላይ የታተመ ጥናት ሁለቱን ክፍለ ግዛቶችና ደቡብ ካሮላይናን ሲመረምር፣ የሲቲና የኤምአርአይ ምርመራም ሆነ ሆስፒታል የሚተኙት ቁጥር እንዳልቀነሰ አገኘ። ሐኪሙ ከለላውን አገኘ፤ ለታካሚው ቃል የተገባው ግን አልመጣም።

ሁለተኛው ያልታሰበ ሂሳብ ነው። ከ2022 በፊት የነበረውን አስቡ። መድናችሁን የሚቀበል ሆስፒታል ሄዳችሁ ታከማችሁ፤ ያከማችሁ ሐኪም ግን ከመድናችሁ ጋር ውል የለውም። ከሳምንታት በኋላ የብዙ መቶ ዶላር ደብዳቤ ይመጣ ነበር። በ2016 የታተመ ጥናት፣ ከመድኑ ጋር ውል ባላቸው ሆስፒታሎች ከተደረጉ የድንገተኛ ጉብኝቶች 22 በመቶው እንዲህ ላለው ሂሳብ የተጋለጡ እንደነበሩ አሳይቷል። አምቡላንስ ውስጥ የተኛ ሰው ሐኪም አይመርጥም፤ ስለዚህ ታካሚው ከመካከል መውጣት እንዳለበት ሁሉም ወገን ይስማማ ነበር። ጠቡ ሐኪሙ ስንት ይከፈለው በሚለው ላይ ነው። መድን ሰጪዎች በሕግ የተቆረጠ ዋጋ ፈለጉ፤ ሐኪሞች ገለልተኛ ዳኛ የሚወስንበትን ሥርዓት ፈለጉ። ኒው ዮርክ በ2014 የሁለተኛውን ዓይነት ሕግ አወጣች፤ ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የፌዴራል ሕግም ወደዚያው ያደላ ነው። በዚህ መካከል፣ በ2019፣ ዶክተር ፔሸንት ዩኒቲ የሚል ስም ያለው ቡድን ከ28 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለማስታወቂያ አወጣ። ስሙን የሰማ ሰው ሐኪሞችና ታካሚዎች የተባበሩበት ይመስለዋል። ገንዘቡ የመጣው ግን በዚያን ጊዜ በግል የኢንቨስትመንት ድርጅቶች ከተያዙት ቲምሄልዝና ኢንቪዥን ከተባሉ፣ ሐኪም ቀጥረው ለሆስፒታል ከሚያቀርቡ ኩባንያዎች እንደነበር ጋዜጦች አጋለጡ። በስሙና በምርጫ ወረዳው የሚናገረውን ሐኪም በነጭ ጋዋን ከተሸፈነ የኩባንያ ገንዘብ መለየት የአድማጩ ፋንታ ነው። ለእኔ ዋናው መለያ ይህ ነው፦ ረቂቁ ቢያልፍ ታካሚው ከሚከፍለው፣ ከሚጠብቀው ሰዓት ወይም ከሚያገኘው ሕክምና ላይ የትኛው ይለወጣል? መልስ ከሌለው ክርክሩ የገንዘብ ክፍፍል ነው።

ሐኪሙም ሲናገር ዋጋ ይከፍላል። በማርች 2020 በዋሽንግተን ክፍለ ግዛት ቤሊንግሃም ከተማ ይሠራ የነበረ የድንገተኛ ሐኪም፣ ሆስፒታሉ ለኮቪድ ያደረገው ጥንቃቄ በቂ አይደለም ብሎ በማኅበራዊ ሚዲያ ከጻፈ በኋላ ከሥራ ቦታው ተነሥቷል። ብዙዎቹ የድንገተኛ ሐኪሞች የሚቀጠሩት በሆስፒታሉ ሳይሆን በኮንትራት ኩባንያ ስለሆነ፣ አንድ የስልክ ጥሪ ከተረኞች ዝርዝር ሊያስወጣቸው ይችላል። ማኅበር የሚያስፈልገው ለዚህም ጭምር ነው። በ1968 በሚሺጋን የተመሠረተው የአሜሪካ የድንገተኛ ሐኪሞች ኮሌጅ በየክፍለ ግዛቱ ቅርንጫፍ አለው፤ ሐኪሙ ብቻውን የማይለውን ቅርንጫፉ ይላል።

የሚከራከሩባቸው ጉዳዮች ብዙ ናቸው። ከመጠን በላይ ኦፒዮይድ ወስዶ ትንፋሹ የደከመን ሰው የሚያነቃው ናሎክሶን የተባለው መድኃኒት ያለ ፍርሃት እንዲሰጥ በ2001፣ እንዲህ ላለ ሰው አምቡላንስ የጠራ በዕፅ መያዝ እንዳይከሰስ ደግሞ በ2007 ኒው ሜክሲኮ ቀድማ ሕግ አወጣች። ኢንዲያና በ2023 እያንዳንዱ ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ሐኪም በአካል እንዲገኝ ስታስገድድ ቨርጂኒያ ተከተለቻት፤ ይህ ላነበበው የሚገርም ነው፤ ሐኪም የሌለበት ድንገተኛ ክፍል አለ ማለት ነውና። የአእምሮ ሕሙማን አልጋ እስኪገኝ ድረስ ለቀናት በድንገተኛ ክፍል መታሰራቸውን በ2014 የዋሽንግተን ክፍለ ግዛት ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሕገ ወጥ ነው ብሏል፤ አልጋ የሚሠራው በጀት ግን ከምክር ቤት ነው የሚመጣው።

ለእኛ ቅርብ የሆነው ግን የሜዲኬይድ ጉዳይ ነው። በጁላይ 4 ቀን 2025 የተፈረመው የፌዴራል ሕግ፣ በስደተኝነት የገቡና ጥገኝነት የተፈቀደላቸው፣ ግን ግሪን ካርድ ገና ያልያዙ ሰዎች ከኦክቶበር 1 ቀን 2026 ጀምሮ በፌዴራል ገንዘብ ከሚከፈለው መደበኛ ሜዲኬይድ እንዲወጡ ደንግጓል። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ መጥተው ጥገኝነት አግኝተው ግሪን ካርድ የሚጠብቁ ብዙ ቤተሰቦች አሉ። የስኳር ሕመምተኛዋ እናት ኢንሱሊኗን በሜዲኬይድ ታገኝ ከነበረ ወደፊት ማን ይከፍላል? ኤምታላ አልተሻረም፤ ራሷን ስታ ብትወድቅ ድንገተኛ ክፍል ይቀበላታል። ከዚያ በፊት ያለውን፣ ኢንሱሊኑን፣ ክሊኒኩን፣ የደም ምርመራውን ክፍለ ግዛቱ ከራሱ በጀት ይሸፍን ወይስ አይሸፍን የሚለውን የሚወስነው የክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት ነው። የድንገተኛ ሐኪሙ በዚህ ላይ የሚመሰክረው፣ በስምንት ወር መድኃኒት ማጣት ኮማ ውስጥ ገብታ የመጣችን ሴት ማከም ከኢንሱሊኑ ዋጋ ስንት እጥፍ እንደሆነ ስለሚያውቅ ነው።

የሐኪሙ ምስክርነት ብቻውን አይበቃም። እናቲቱ ወይም ልጇ የሚናገሩት ሌላ ክብደት አለው፤ ለዚህም ጠበቃ ወይም የተመዘገበ ሎቢስት መሆን አያስፈልግም። በዋሽንግተን ክፍለ ግዛት ከቤት ሆኖ በኢንተርኔት መመስከር ይቻላል። መናገር የማይፈልግ ሰው አቋሙን ብቻ ማስመዝገብ ይችላል፤ ጽሑፍ ማስገባት የሚፈልግም ስብሰባው ከተጀመረ በኋላ እስከ 24 ሰዓት ድረስ ጊዜ አለው።

መድናችሁ የድንገተኛ ክፍል ሂሳብ አልከፍልም ካላችሁ ደግሞ ደብዳቤውን አትጣሉት፤ ይግባኝ የምትሉበት የመጨረሻ ቀን እዚያ ላይ ተጽፏል። በ2017 አንቴም (Anthem) የተባለው የመድን ኩባንያ በሚዙሪ፣ በኬንታኪና በጆርጂያ በስድስት ወር ውስጥ ከ12,000 በላይ እንዲህ ያሉ ሂሳቦችን ውድቅ አድርጎ ነበር፤ ይግባኝ ከተባለባቸው አብዛኞቹን ግን ራሱ መልሶ ከፍሏል። በይግባኛችሁ ላይ በመጨረሻ የተገኘውን በሽታ ሳይሆን ወደ ሆስፒታል ስትሄዱ የተሰማችሁን ጻፉ፦ ሕመሙ በስንት ሰዓት እንደጀመረ፣ የት እንዳመማችሁ፣ ምን እንደፈራችሁ። «የአስተዋይ ተራ ሰው መለኪያ» እንዲታይላችሁም በስሙ ጠይቁ። ኩባንያው እምቢ ካለ ቀጣዩ አቤቱታ የሚሄደው ለክፍለ ግዛቱ የመድን ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ነው። መድኑ ቀጣሪያችሁ ከራሱ ካዝና የሚሸፍነው ከሆነ ደግሞ አቤቱታው የሚቀርበው ለፌዴራሉ የሠራተኛ መሥሪያ ቤት ነው፤ የትኛው እንደሆነ የቀጣሪያችሁን የሰው ኃይል ክፍል ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ።